ምንቃረ ጠማማ

ከሐራሬ ወጥተን፣ ቺቭሁን አልፈን፣
ወደ ማስቪንጎ ስንከንፍ፣
የኋላው ጎማ ተነፈሰ፣
አውቶቡሱ አነከሰ።
ሾፌሩ ወረደ፣ እጅጌውን ሰበሰበ፣
«ግማሽ ሰዓት!» አለ።
ግማሽ ሰዓት የሚሉት ነገር
ጎማ በተነፈሰበት አገር ሁሉ
አንድ ዓይነት ውሸት ነው።

ያኔ ነው ያየኋት።
ከሙሳሳ ዛፍ ሥር አራት እንጨት ተክላ፣
ቆርቆሮ ደርባ፣ በላስቲክ ከልላ፣
የድንጋይ መንጋዋን ደጅ አሰማርታ።
ጉማሬው ተኝቷል፣
ዝሆኑ ጆሮውን ጥሏል፣
አንዲት እናት ፊት የላትም፣ ልጇን ግን አቅፋለች።
ጅግሮቹ በረድፍ፣ በረድፍ፣ በረድፍ፣
ጥሬ እንደሚለቅሙ አጎንብሰዋል፣
ጥሬ በሌለበት።

ስሟ ሙቻኔታ።
«‹ትደክማላችሁ› ማለት ነው» አለችኝ፤
«አባቴ ነው ያወጣው፣
በጥሎሽ ላስጨነቁት ለእናቴ ወንድሞች
መልስ ይሁን ብሎ።»
ሞረዷን አስቀመጠች።
«እነሱ እንደሁ አልደከማቸውም።
የደከመኝ እኔ ነኝ፣
የሰው መልእክት ተሸክሜ ስኖር።»

ድንጋዩ ከተራራው ሲመጣ አመድማ ነው፣
ሳይታጠብ ያደረ ፊት።
ትጠርበዋለች፣ ትሞርደዋለች፣
በብርጭቆ ወረቀት ታሸዋለች፣ በውሃ፣ ደግሞ በውሃ፤
ከዚያ ፍም አጠገብ አስጠግታ፣
እጅ እስኪያቃጥል አሙቃ፣
ሰም ትቀባዋለች።
ሰሙ ሲሰርግ ድንጋዩ ይጠቁራል፣
የዝናብ ሌሊት ጥቁረት፣ የሚያበራ።
«ቀለም አለው?» አልኩ።
ቅር አላት። «ቀለም የለም።
ውስጡ ድሮም እንዲህ ነው።
ሰሙ እንዲታይ ያደርገዋል እንጂ።»
እኔ ባደግሁበት ቋንቋ ሰም ይሸፍናል፤
እዚህ ይገልጣል።
ይህን ለማን እነግራለሁ?
ዝም ብዬ ጅግራ አነሳሁ።

«ስምንት ዶላር።»
«ሦስት» አልኩ።
ለምን ሦስት እንዳልኩ እንጃ፤
መንገድ ዳር ሲቆም አፍ ራሱን ያዛል።
አልተከራከረችኝም።
ጅግራውን ከእጄ ወስዳ ወደ ረድፉ መለሰችው፣
ከላስቲኩ ጀርባ ሌላ አወጣች።
«ሦስት የዚህ ዋጋ ነው።»
ምንቃሩ ወደ ግራ ዞሯል፣
ሰው ጠርቶት መልስ ሊሰጥ እንዳለ።

«ምን ሆኖ ነው?»
«ምንቃሩን ስሞርድ ስልክ ተደወለ።
ልጄ ነው፣ ታፋድዝዋ። ከሙሲና።
‹እማ፣ ድንበሩን ተሻገርኩ› አለኝ።
አሥራ አንድ ቀን ድምፁን አልሰማሁም ነበር።
እጄ ሳቀ።»

አምስት ሰጠኋት።
«ሦስት ብለሃል» ብላ ሁለቱን መለሰች፣
ወፏን የእግር ኳስ ውጤት ባለበት ጋዜጣ ጠቅልላ።
ጥሩምባው ተነፋ። ሮጥኩ።

ማስቪንጎ መግቢያ ላይ ሾፌሩ ለነዳጅ ቆመ፤
አርባ ዳስ፣ አርባ ድምፅ፣
«ጅግራ ሁለት ዶላር! ሁለት! ሁለት!»
ከጎኔ የነበረው ባባ ሩምቢ
ሆዱን ይዞ ሳቀብኝ፦
«ወንድሜ፣ ተበልተሃል! ያውም በጠማማው!»
ሁለቱ ዶላር እጄ ላይ ነበሩ፣
ላብ እንዳራሳቸው።

ጠረጴዛው ላይ አጎነበስኩ።
አንዱን አነሳሁ፣ አስቀመጥኩ፣
ሌላውን አነሳሁ፣ አስቀመጥኩ፤
ሁሉም ቀጥ ያሉ፣ ሁሉም የሚያበሩ፣
ሁሉም መሬት መሬት የሚያዩ።
ሻጩ ጎረምሳ ትዕግሥቱ አለቀ።
«ጌታዬ፣ ምንድን ነው የምትፈልገው?»
«ስህተት» አልኩት።
ደነገጠ፤ ወፎቹን በክንዱ ጋረደ።
«ስህተት የለብንም!» አለኝ፣ «እይ!
አንድም የለብንም!»